ከባድ መሣሪያ ቫን ላይ ለመጫን፦ ጉልበት፣ ራምፕ፣ ዊንች ወይስ ሊፍት?

ኮምፓክተሩ (የአፈር መጠቅጠቂያው ማሽን) ጠዋት ሲወጣ አላስቸገረንም። ከረዳቴ ጋር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን ቫኑ ውስጥ አስገባነው። ጉዱ የመጣው ማታ ነው። ረዳቴ ቀድሞኝ ሄዷል። እኔና 90 ኪሎ ብረት ተፋጠን ቀረን። ሁለት ጣውላ ደገፍኩና ማውረድ ጀመርኩ። መሃል ላይ ስንደርስ አንዱ ጣውላ ከፓራውልቱ ላይ ሸርተት አለ። እግሬ ለጥቂት ተረፈ። የማሽኑ እጀታ ግን እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።

በፊት የመጫኛ ዘዴ ስመርጥ «እንዴት አወጣዋለሁ?» ነበር የምለው። አሁን «ማታ፣ ደክሞኝ፣ ብቻዬን ሆኜ እንዴት አወርደዋለሁ?» እላለሁ። ጥያቄው ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። ሽቅብ ሲገፉት ቀላል የመሰለ ዘዴ ቁልቁል ሲሆን ሌላ መልክ ያወጣል። ከታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ሜትርና ሚዛን

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ጥቂት ቁጥሮች ያዙ። አንደኛው የከባዱ ዕቃችሁ ትክክለኛ ክብደት ነው። በግምት አይሆንም፤ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ነዳጅ ሳይሞላ ያለውን ክብደት ነው። 20 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 15 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። ለግምት ያህል፣ 5 ኪሎዋት አካባቢ የሚያመነጭ የቤንዚን ጀነሬተር 80 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ትልቁ የኮንክሪት መስበሪያ ጃክ ሀመር 30 ኪሎ ይጠጋል። ሙሉ የ50 ሊትር ኦክስጅን ሲሊንደር ከ60 ኪሎ በላይ ነው።

ሁለተኛው ከመሬት እስከ ቫኑ ወለል ያለው ከፍታ ነው። ቫኑ ባዶ ሆኖ ለጥ ባለ ቦታ ላይ ለኩት፤ ከፍ የሚለው ባዶ ሲሆን ነውና። የፊት ጎማው የሚነዳ ቫን ከወለሉ ሥር ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግም ዲፈረንሻልም (ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ማርሽ) ስለሌለው ዝቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜ 55 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። የኋላ ጎማው የሚነዳው 70 ሊደርስ ይችላል። የ15 ሴንቲ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ነው። ራምፕ (ከመሬት እስከ ቫኑ ወለል የሚዘረጋ ተዳፋት መወጣጫ) ሲዘረጋ ግን ዳገቱን ሌላ ዳገት ያደርገዋል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ቫኑ ስንት ኪሎ የመሸከም አቅም ቀርቶታል? አጠቃላይ ክብደቱ 3.5 ቶን እንዲሆን የተፈቀደለት ትልቅ ቫን በወረቀት ላይ ከ1 እስከ 1.4 ቶን ይጭናል ይባላል። መደርደሪያው፣ ሁለት ሰው፣ ሙሉ ታንከር፣ ወለል ላይ የተነጠፈው ፕላይውድ ሁሉ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። አንድ ቀን ሁሉን እንደያዛችሁ የመኪና ሚዛን ላይ ውጡ። የሚወጣው ቁጥር ያስደነግጣል።

በጉልበት

ሰው «እኔ ፎርሳ አለኝ» ማለት ይወዳል። ቁጥሮቹ ግን ትሑት ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ያወጣው የማንሳት ቀመር የሚነሳው ከ23 ኪሎ ነው። ያውም ሁሉ ነገር ሲመቻች፦ ዕቃው ከሰውነት ሳይርቅ፣ ወገብ ሳይጠመዘዝ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ሲነሳ። አንዱ ሁኔታ በተበላሸ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። የብሪታንያ የጤናና ደህንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ ደግሞ ወገብ አካባቢና ወደ ሰውነት ተጠግቶ ለሚያዝ ዕቃ ለወንድ 25፣ ለሴት 16 ኪሎ ይላል። እጅ ተዘርግቶ ሲሆን ወደ 15 እና 10 ይወርዳል።

ይህች እጅ የመዘርጋት ነገር ቫን ላይ ዋናዋ ናት። የቫን ወለል ጠርዝ ለማንሳት ጥሩ ከፍታ ነው፤ ከመሬት ይሻላል። ችግሩ ያለው ዕቃውን ወደ ውስጥ መግፋቱ ላይ ነው። ጎንበስ ብላችሁ እጃችሁን ስትዘረጉ፣ ወገባችሁ ጠዋት ያልነበረበትን ሸክም ይሸከማል። መፍትሔው አንዳንዴ ነፃ ነው፤ ከባዱን ሣጥን በኋላ በር ሳይሆን በጎን በር አጠገብ አስቀምጡ።

«ሁለት ሰው ካለስ?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ሰው የሁለት ሰው አቅም የለውም። ያው የብሪታንያው መመሪያ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲያነሳ የድምራቸውን ሁለት ሦስተኛ፣ ሦስት ሰው ሲሆን ግማሹን ብቻ እንዲያስቡ ይመክራል። እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ የሚችሉ ሁለት ሰዎች 50 ሳይሆን 33 ኪሎ ግድም ማለት ነው። አንዱ ቀድሞ ያነሳል፣ አንዱ አካሄዱን አያይም፣ እጀታው ለአንዱ አይመችም። የእኔ ኮምፓክተር 90 ኪሎ ነበር። ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

ታዲያ ጉልበት መቼ ይበቃል? ዕቃው ከ20 ኪሎ በታች በሆኑ ክፍሎች መበታተን ሲችል። የጠረጴዛ መጋዙን ከእግሩ ለዩት። የጃክ ሀመሩን ብረት አውጥታችሁ ለብቻው ጫኑት። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ መፍቻ ይዛችሁ ማሽኑን ዙሩት። አንዳንዴ አራት ቡሎን የሊፍት ዋጋ ያድናል።

ራምፕ

ራምፕ ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ባትሪ አይፈልግም። ለብዙ ሰው መልሱ እዚህ ያበቃል። ግን ርዝመቱ ላይ አትሰስቱ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከፍታውን በራምፑ ርዝመት አካፍሉት። ከክብደቱ ያን ያህሉን እጅ ትገፋላችሁ፤ ትንሽ የጎማ ሰበቃ ይጨመርበታል። ወለሉ 60 ሴንቲ ከሆነ፣ 1.8 ሜትር ራምፕ ላይ ሲሶውን ትገፋላችሁ። 2.4 ሜትር ላይ ሩቡን። 3 ሜትር ላይ አምስተኛውን። 150 ኪሎ ማሽን ሲሆን 50፣ 37 ተኩል እና 30 ኪሎ ማለት ነው። አሁን ገልብጡት። ስትወርዱም ያንኑ ኪሎ ይዛችሁ መቆየት አለባችሁ። ሽቅብ ሲደክማችሁ ትቆማላችሁ። ቁልቁል ሲደክማችሁ ግን ማሽኑ አይቆምም። ስለዚህ አጭሩ ራምፕ ሲገዛ ቢረክስም፣ ማታ ማታ ያስከፍላል።

ሌላው፣ ራምፑ ከቫኑ ጋር መታሰር አለበት። በሞተር የሚዞር ጎማ ራምፕ ላይ ሲወጣ ማሽኑን ወደፊት፣ ራምፑን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የኔ ጣውላ የተንሸራተተውም ስላልታሰረ ነው። መንጠቆ፣ ሰንሰለት ወይም ፒን የሌለው ራምፕ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ተራ ጣውላማ ሲረጥብ ሳሙና ነው፣ ቋጠሮው ላይም ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። የቫኑንም የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ።

አንድ ሰፊ ራምፕ ወይስ ሁለት ቀጫጭን? ብዙዎች ሁለቱን ይመርጣሉ፤ ለማስቀመጥ ይቀላሉና። እኔ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ማሽኑ በሁለቱ ላይ ሲሄድ የእናንተ እግር የት ይረግጣል? መሃሉ ባዶ ነው። ራሱ የሚሄድ ሞተር ያለው ማሽን ከሆነ ሁለቱ ይበቃሉ፤ እናንተ ከጎን ትቆማላችሁ። በእጅ የሚገፋ ከሆነ ግን አንድ ሰፊ ራምፕ ያስፈልጋል። ሁለቱን ከመረጣችሁ ደግሞ የተጻፈው አቅም የጥንዱ ነው ወይስ የአንዱ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የጥንዱ ነው።

ሆዱ ዝቅ ያለ ማሽን ካላችሁ የራምፑ አናት ላይ ይጎትታል። ዳገቱ አልቆ ወለሉ የሚጀምርበት ቦታ ጉብታ ስለሚሆን ነው። ለዚህ አናቱ ቀስት መስሎ የተጠመዘዘ ራምፕ አለ። ወይም ረዘም ያለ ግዙ።

በባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ስትጠቀሙ ሸክሙ ሁልጊዜ ከእናንተ በታች ይሁን። ስትወጡ ከፊት ሆናችሁ ሳቡት፤ ስትወርዱ ከላይ ሆናችሁ እያገዳችሁ አውርዱት። ካመለጠ እናንተን ሳይሆን መሬቱን ይመታል።

የማስቀመጫው ጉዳይ ተራ ይመስላል። ግን ራምፑ ከዕቃ ሥር ከተቀበረ አታወጡትም። «ለዛሬ በእጅ እናውርደው» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ከኋላ በር ጋር በማጠፊያ ተገጥሞ ቀጥ ብሎ የሚቆም ራምፕ ይህን ችግር ይፈታል። ቅጣቱ ሁለት ነው፦ መንገድ ላይ ይንኳኳል፤ አንዲት ካቻቢቴ ለማውጣትም መጀመሪያ እሱን መዘርጋት ይጠበቅባችኋል።

ዊንች ሲጨመርበት

ከ100 ኪሎ በላይ የሆነና ጎማ ያለው ዕቃ በየቀኑ ብቻችሁን የምታንቀሳቅሱ ከሆነ፣ እኔ የምመርጠው ራምፕና ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትት መሣሪያ) ነው። ዋጋው ከሊፍት በብዙ ያንሳል፤ ክብደቱም እንደዚያው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው 12 ቮልት ዊንች ከሹፌሩ ጀርባ ካለው መከለያ በኩል ይተከላል። ቡሎኑ ላሜራ ላይ ብቻ ከታሰረ ላሜራውን ይቀድደዋል፤ ከመኪናው የብረት አካል ጋር መያያዝ አለበት። አቅሙ የሚጻፈው ገመዱ በሚጠቀለልበት ከበሮ ላይ አንድ ንብርብር ብቻ ሲቀር ባለው ጉልበት ነው። ገመዱ ተደራርቦ በተጠቀለለ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ዳገቱ ክብደቱን ስለሚከፋፍለው ግን አቅሙ ብዙ አያስጨንቅም።

የሚያስጨንቀው ፍሬኑ ነው። ቁልቁል ማውረጃ ላይ ዊንቹን ከማርሽ አውጥታችሁ ገመዱን ከለቀቃችሁ፣ ፍሬን የሚባል ነገር የለም፤ ማሽኑ ሽው ይላል። ሁልጊዜ በሞተሩ እያዘዛችሁ አውርዱ። በእጅ የሚዞር ዊንች ከመረጣችሁ (ለትንሽ ሥራ በጣም ጥሩ ነው) ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። አንደኛው እጀታውን ስትለቁት ራሱ የሚቆም ነው። ሌላኛው ሲወጣ ብቻ በጥርስ የሚያዝ ነው። ሲወርድ ጥርሱ ይነሳና፣ እጀታው ካመለጣችሁ እየተሽከረከረ ክንድ ይሰብራል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለቱ መንታ ይመስላሉ። ዋጋቸው ይለያያል፤ ውዱን ግዙ።

ገመዱ ሲወጠር በመስመሩ ላይ አትቁሙ። ሰው ሠራሽ ገመድ ሲበጠስ ከሽቦ ገመድ ያነሰ ጉልበት ይዞ ይመለሳል፤ እጅም አይወጋም። ስለታም ጠርዝ ግን ይበላዋል። ሌላ ማሳሰቢያ፦ ለመጎተት የተሠራ ዊንች ዕቃ አንጠልጥሎ ለማንሳት አይደለም።

የኋላ ሊፍት

በማውረድ መለኪያ ብቻ ካየነው ሊፍት (ከቫኑ ኋላ ተገጥሞ ዕቃ የሚያወጣና የሚያወርድ መድረክ) አንደኛ ነው። መውጣቱም መውረዱም እኩል ነው፤ ዳገት የለም፤ ወገብ የለም። ለቫን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ 500 ኪሎ አካባቢ ያነሳሉ። ቀኑን ሙሉ ጎማ ያለው ከባድ ዕቃ የሚያወጣና የሚያወርድ ሰው ሌላ ነገር ማሰብ የለበትም።

ለሌላው ሰው ግን ሊፍት ውድ ብቻ ሳይሆን ከባድም ነው። ራሱ ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ የሚንጠለጠለውም በመጥፎ ቦታ ነው። 150 ኪሎ ከኋላ አክስል (ጎማዎቹን ከያዘው ዘንግ) 1 ሜትር ወደ ኋላ ተሰቀለ እንበል። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 3.5 ሜትር ከሆነ፣ የኋላው አክስል 193 ኪሎ ያህል ይጨመርበታል፤ ከፊቱ 43 ኪሎ ይነሳለታል። ሚዛን ነው። የፊት ጎማው ለሚነዳ ቫን ደግሞ የፊቱ መቅለል በእርጥብ ዳገት ላይ ይታወቃል። ባሌስትራውም ሳትጭኑበት ጎንበስ ብሎ ይውላል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቫኑ ተዳፋት ላይ ከቆመ ሊፍቱም ያዘነብላል፤ ጎማ ያለው ዕቃ ደግሞ መንገዱን ያውቃል። ጠርዙ ላይ ማቆሚያ ያለውን ምረጡ። በብዙ አገር ሊፍት በየጊዜው በባለሙያ መፈተሽ ግዴታ ስለሆነ፣ ዋጋው የግዢ ቀን አያበቃም።

ትንሿ ክሬን፣ ተንሸራታች ወለልና ሌሎች

ዕቃችሁ ጎማ ከሌለው ራምፕም ሊፍትም ግማሽ መልስ ናቸው። ፓምፕ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ የማርሽ ሣጥን የምታመላልሱ ከሆነ በበሩ ጥግ የምትተከል ክንዷ የምትዞር ክሬን ታስቡ ይሆናል። ጥሩ ናት። ቀስ ብላ ታነሳለች፤ ቀስ ብላ ታወርዳለች። ግን ክንዷ በረዘመ ቁጥር የምታነሳው ይቀንሳል፤ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ክንዷ ሲያጥር ያለው ነው። የበሩንም ከፍታ ለኩ። መንጠቆው፣ ቀበቶውና ዕቃው ተደምረው ከጣሪያው በታች ካልሆኑ ዕቃው ደጅ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ተንሸራታች ወለል እንደ መሳቢያ የሚወጣ ነው። ዕቃ አያነሳም። የሚፈታው የእጅ መዘርጋትን ችግር ብቻ ነው። ብዙ መካከለኛ ሣጥን ለሚይዝ ኤሌክትሪሻን ወይም ቧንቧ ሠራተኛ ከሁሉም ይልቅ የሚያስደስተው ይህ ሊሆን ይችላል። ለኮምፓክተር አልመክረውም።

በባትሪ የሚያነሳ ጋሪም አለ። ዕቃውን ራሱ እስከ ቫኑ ወለል ያደርሳል። ከአንድ ቫን በላይ ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ የትም ይዞት ይሄዳል። ቻርጅ መርሳት ግን የሰው ልጅ ነገር ነው።

ኮምፓክተርና ሚክሰር ብቻ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ደግሞ ዝቅ ያለች ተጎታች አስቡ። ወለሏ ከቫን በጣም ስለሚያንስ አጭር ራምፕ ይበቃታል፤ የቤንዚን ሽታም ከኋላችሁ ይቀራል።

ፖርቶ መጋላን (የጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛን) እንደ አማራጭ የሚያነሱ አሉ። ለመሰላልና ለቧንቧ እንጂ ለከባድ ዕቃ አይሆንም። ከጭንቅላት በላይ ማንሳት ከሁሉ የከፋ ማንሳት ነው።

ከገባ በኋላ

መጫኛው ምንም ይሁን ምን፣ ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ ምርጫችሁን ሊያበላሽ ይችላል። ከባዱ ነገር ወለል ላይ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን መከለያ ተደግፎ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ይሁን። ይህ ማለት ከባዱ መጀመሪያ ይገባል፤ መጨረሻ ይወጣል ማለት ነው። ሥራ ቦታ ላይ መጀመሪያ የምትፈልጉት እሱን ከሆነ ችግር ነው። ያን ጊዜ የጎን በር ስፋትና ራምፑ እዚያ ይዘረጋ እንደሆነ ከዋጋ በፊት ይታያል።

ማሰሪያው ላይም ቁጥር አለ። የአውሮፓ የጭነት ማሰር ደረጃ ዕቃው ወደፊት እንዳይሄድ የክብደቱን 0.8፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 0.5 የሚችል አያያዝ ይጠይቃል። ለ90 ኪሎ ማሽን ወደፊት 72 ኪሎ ነው። ይህ ለፍሬን እንጂ ለግጭት አይደለም። በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት መጋጨት 10 ሜትር ገደማ ከሚሆን ፎቅ ላይ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ መከለያ የሌለው ቫን ካላችሁ ለሊፍት ከመክፈላችሁ በፊት መከለያ አስገጥሙ።

የጋዝ ሲሊንደር ለብቻው ሕግ አለው፦ ቆሞ፣ ታስሮ፣ ቫልቩ ተዘግቶ፣ ሬጉሌተሩ (የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያው) ወልቆ፣ አየር በሚገባበት ቦታ። የብየዳ ጋዙ አሲታይሊን በፍጹም አይጋደምም። የጀነሬተርን ነዳጅ መዝጊያም ዝጉ፤ ትኩስ ሆኖ አይግባ።

ወደ ምርጫው

ከ25 ኪሎ በታች በሆኑ ሣጥኖች የምትሠሩ ከሆነ፣ ተንሸራታች ወለል ወይም የጎን በር ይበቃችኋል። ገንዘባችሁን አታባክኑ። ከ30 እስከ 100 ኪሎ፣ ጎማ ያለው፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ከሆነ፣ መንጠቆ ያለው 2.4 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሰፊ ራምፕ ነው መልሱ። በየቀኑና ብቻችሁን ከሆነ ራሱ የሚቆም ዊንች ጨምሩበት። ከ150 ኪሎ በላይ በቀን ብዙ ጊዜ ሲሆን ሊፍት፤ ግን የመኪና ሚዛኑን ወረቀት ይዛችሁ። ጎማ የሌለው ከባድ ዕቃ ከሆነ ክሬን።

ሁለት አማራጭ መሃል ከዋለላችሁ እንዲህ ሞክሩ። የራሳችሁን ማሽን ይዛችሁ ወደ ሻጩ ሂዱ። ሻጩ ማውጣቱን ያሳያችሁ፤ እሱ ሁሌም ያምራል። ከዚያ ሻጩን ፈቀቅ በሉ በሉትና ብቻችሁን አውርዱት። መሃል ላይ ሲደርስ ሁለት እጃችሁን ልቀቁና እስከ አሥር ቁጠሩ። ካልተንቀሳቀሰ ግዙ። እጃችሁን ለመልቀቅ ከፈራችሁ ደግሞ የሚቀጥለውን አሳየኝ በሉት።